የጊታር ድምፅ ሳይታሰብ ከፍ ዝቅ ሲል፦ ከፔዳል እስከ አምፕ ችግሩን ማደን

ሶሎው ደርሶ ኦቨርድራይቩን (ድምፁን የሚያሻክረውን የእግር ፔዳል) ትረግጣላችሁ፤ ድምፁ ይወጣል ስትሉ ጭራሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ወይም ልምምዱ ሲጀመር ደህና የነበረው ጊታር እየቆየ ሲሄድ ከድራሙና ከቤዙ ኋላ ይቀራል። ወይም ደግሞ አንዱ ኮርድ ላይ ቦግ ይልና በሚቀጥለው እልም ይላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ነው፦ ጎንበስ ብሎ እጁ የደረሰበትን ማዞሪያ ሁሉ ማዞር። ድምፁ ለጊዜው ይመለስ ይሆናል። ዋናው ችግር ግን እዚያው ነው፤ በላዩ ላይ ደግሞ ቅንብሩ ተበላሽቷል።

ስለዚህ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ምንም አታዙሩ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ፔዳሎቹን ከላይ፣ አምፑን (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላውን ማጉያ) ከፊትና ከጀርባ በስልክ ፎቶ አንሱ። የጀርባውን ፎቶ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ኋላ ላይ እንደምታዩት ግን ግማሹ ጉድ ያለው እዚያ ነው።

መጀመሪያ "መቼ?" በሉ

"የት ነው የተበላሸው?" የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ ድምፁ መቼ እንደሚለወጥ ለዩ። የአንዱ ዓይነት ለውጥ መንስኤ ከሌላው በጣም ስለሚለያይ፣ ይህን የለየ ሰው ግማሹን ፍለጋ ጨርሷል።

አንድ ፔዳል ሲበራ ወይም ሲጠፋ ብቻ የሚለወጥ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፤ የቅንብር ወይም የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ጊዜ እየሄደ ሲመጣ የሚለወጥ ከሆነ ባትሪን፣ የኃይል ምንጭን፣ ሙቀትን ወይም የአምፑን ቲዩቦች (በአንዳንድ አምፖች ውስጥ ሲግናሉን የሚያጎሉትን የመስታወት ቱቦዎች) ጠርጥሩ። ሰውነታችሁ ሲንቀሳቀስ፣ ኬብል ሲነካ ወይም ወለሉ ሲርገበገብ የሚለወጥ ከሆነ የኬብል፣ የጃክ ወይም የብየዳ ነገር ነው። መለዋወጡ ቀርቶ ድምፁ ሁልጊዜም ደካማ ከሆነ ደግሞ ፔዳሎቹ እርስ በርስ ወይም ከአምፑ ጋር አልተጣጣሙም ማለት ነው።

መነሻውን አግኙ

ጊታሩን በአንድ ደህና ኬብል በቀጥታ ከአምፑ የፊት መግቢያ ላይ ሰኩት። ፔዳል የለ፣ ኢፌክት ሉፕ (በአምፑ ጀርባ ፔዳል የሚሰካበት መስመር) የለ። የጊታሩን ቮልዩምና ቶን እስከ ጥግ ክፈቱ፤ የአምፑ ማዞሪያዎች ባሉበት ይቆዩ። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ለመታየት የሚፈልገውን ያህል ጊዜ ተጫወቱ። በግማሽ ሰዓቱ የሚመጣ ችግር በሁለት ደቂቃ ሙከራ አይያዝም።

ችግሩ እዚህም ከታየ ፔዳሎቹ ነፃ ናቸው። ሌላ ጊታር ካለ ቀይራችሁ ሞክሩ። በአዲሱ ጊታር ከጠፋ ጥፋቱ የመጀመሪያው ጊታር ነው፦ የላላ የጃክ ብሎን፣ አቧራ የገባበት የቮልዩም ማዞሪያ፣ ወይም ፒካፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ሲግናል የሚለውጠው ክፍል) አክቲቭ፣ ማለትም በባትሪ የሚሠራ ከሆነ በሆዱ ውስጥ የተረሳው 9 ቮልት ባትሪ። ስታዞሩት ክርክር የሚል ማዞሪያ ለኤሌክትሮኒክስ መገናኛዎች በተሠራ ማጽጃ ይጸዳል። ለበር ማጠፊያ የሚነፋውን ዘይት አትጠቀሙ፤ ቅባቱ ውስጥ ቀርቶ አቧራ ይሰበስባል። በሁለተኛው ጊታርም ችግሩ ካለ ግን ጠርጣራ ዓይናችሁን ወደ አምፑ አዙሩ።

ከዚህ በኋላ ማወዳደር ይመጣል፤ ችግሩ ደግሞ እጃችሁ ነው። ፔዳል ከረገጣችሁ በኋላ ሳታስቡት ጠንከር ወይም ለስለስ አድርጋችሁ ትመታላችሁ። ሉፐር ፔዳል ካላችሁ ከሁሉም ፔዳሎች ፊት አስቀምጡት፤ አንድ ኮርድና አጭር ሐረግ ቀድታችሁ እየደጋገመ እንዲጫወት አድርጉ። አሁን እጃችሁ ነፃ ነው፤ እያንዳንዱን ፔዳል እያበራችሁና እያጠፋችሁ ማዳመጥ ትችላላችሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፦ ሉፐሩ የሚያወጣው ሲግናል ከፒካፕ እንደሚወጣው ስስ አይደለም። ስለዚህ ፈዝና ዋህ የሚባሉት ፔዳሎች ከጊታሩ ጋር ባለመጣጣማቸው የሚፈጥሩትን ችግር ሊደብቅባችሁ ይችላል። እነዚህን በእጅ ፈትኑ።

በስልክ የሚሠራ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያም ይረዳል። የሚያሳየው ቁጥር ትክክለኛ ላይሆን ይችላል፤ የምትፈልጉት ግን ልዩነቱን ነው። ስልኩን አንድ ቦታ አስቀምጡና አታንቀሳቅሱት። የ3 ዲሲቤል ልዩነት ይሰማል እንጂ ብዙ አይደለም፤ 10 ዲሲቤል ሲጨምር ግን ለጆሮ እጥፍ ያህል ይሆናል።

ሰንሰለቱን ለሁለት ክፈሉት

መነሻው ደህና ከሆነና ችግሩ ያለው ከፔዳሎቹ ጋር ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ፔዳል ጀምሮ አንድ በአንድ መፈተሽ ጊዜ ማባከን ነው። ስምንት ፔዳል ካላችሁ ከአራተኛው መውጫ ላይ ኬብል አውጥታችሁ በቀጥታ ወደ አምፕ ስደዱ። ችግሩ ከጠፋ ያለው በኋለኞቹ አራት ውስጥ ነው፤ ካልጠፋ በፊተኞቹ። ያንንም ግማሽ እንደገና ለሁለት። በሦስት ሙከራ አንድ ፔዳልና የእሱ ኬብል ላይ ትደርሳላችሁ። ኬብል ስትነቅሉና ስትሰኩ የአምፑን ማስተር ዝቅ ማድረግ አትርሱ፤ ያ ጓ የሚል ድምፅ ለጆሮም ለስፒከርም አይበጅም።

አንዳንዴ ነቅላችሁ ስትመልሱት ችግሩ ድንገት ይጠፋል። ተገላገልን ብላችሁ አትነሱ። መንቀልና መሰካት የጃኩን መገናኛ ፈትጎ አጽድቶታል ማለት ነው፤ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። የትኛው ጃክ ላይ እንደጠፋ ምልክት አድርጉበት።

ከፔዳሎቹ ይልቅ አጫጭሮቹን ኬብሎች ቀድማችሁ ጠርጥሩ። ሲግናል እያለፈ ኬብሉን መሰኪያው አንገት ላይ ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ እጠፉት፤ ድምፁ ከተቆራረጠ አግኝታችሁታል። መልቲሜትር ካላችሁ በኦም ላይ አድርጋችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ፦ ደህና ኬብል ከ1 ኦም በታች ያሳያል። በመሰኪያው ሹል ጫፍና ከሱ በታች ባለው ረጅም ብረት (እጅጌው) መካከል ደግሞ ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም። እየለካችሁ ኬብሉን አነቃንቁት፤ ዝም ብሎ ተኝቶ ሲለካ ደህና የሚመስል ኬብል ብዙ ነው። ያለ ብየዳ በብሎን ብቻ የሚገጣጠሙ መሰኪያዎች ለሥራ ፈጣን ናቸው፤ በመኪና ተጭኖ ለሚንገላታ የፔዳል ሰሌዳ ግን እኔ አላምናቸውም።

የሪተርን ጃክ ጉድ

ኢፌክት ሉፕ ያለው አምፕ ካላችሁ ይህን ክፍል አትዝለሉት። ብዙ ሰው አምፑን ጥገና ቤት የሚወስደው በዚች ትንሽ ነገር ምክንያት ነው።

በብዙ አምፖች ጀርባ ላይ ሴንድና ሪተርን የሚባሉ ሁለት ጃኮች አሉ። ሉፑን የማትጠቀሙ ከሆነ ሲግናሉ ከፕሪአምፑ (ድምፁን ከሚቀርጸው የፊት ክፍል) ወደ ፓወር አምፑ (ስፒከሩን ወደሚያንቀሳቅሰው ክፍል) የሚሻገረው በሪተርን ጃኩ ውስጥ ባለች አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ በኩል ነው። ኬብል ሲሰካ ምላሷ ትለያለች፤ ሲነቀል ተመልሳ ትገጥማለች። ጃኩ ለዓመታት ሳይነካ ሲቀር በዚያች መገናኛ ላይ ዝገትና አቧራ ይቀመጣል፤ ያኔ ድምፁ ይደክማል፣ ይቆራረጣል፣ አንዳንዴ ኃይለኛ ኮርድ ስትመቱ ብቻ ቦግ ብሎ ይመለሳል። ሰው ቲዩብ ሄደ ብሎ ይደነግጣል።

መፈተሻው ቀላል ነው፦ አንድ አጭር ኬብል ወስዳችሁ ከሴንድ ወደ ሪተርን ሰኩ። ድምፁ ከተስተካከለ ጥፋቱ የምላሷ ነው። እስከዚያው ኬብሉን እዚያው ትታችሁ መጫወት ይቻላል። ለማጽዳት አምፑን አጥፉ፤ መሰኪያው ላይ የመገናኛ ማጽጃ ነፍታችሁ ደጋግማችሁ ሰኩና ንቀሉ፤ ማጽጃው እስኪደርቅ ጠብቃችሁ አብሩ።

ሉፑን የምትጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ የጀርባውን ማብሪያ ተመልከቱ። አንዳንድ አምፖች በ−10 ዲቢቪ እና በ+4 ዲቢዩ (ዝቅተኛና ከፍተኛ የሲግናል ደረጃ) መካከል መምረጫ አላቸው። በሁለቱ መካከል ወደ 12 ዲሲቤል የሚጠጋ ልዩነት አለ፤ ይህ በጣም ብዙ ነው። አብዛኞቹ የእግር ፔዳሎች የሚስማሙት ከዝቅተኛው ጋር ነው። ማብሪያው +4 ላይ ሆኖ ፔዳሉ ከተጨናነቀ ድምፁ ይሰነጣጠቃል። ሉፑ ድብልቅ የሚያደርግ ማዞሪያ ካለው እሱም ማን እንደነካው ሳይታወቅ ቦታውን ይለቅቃል። ያ የጀርባ ፎቶ የሚጠቅመው እዚህ ነው።

እየቆየ የሚደክም ድምፅ

ባትሪ የሚጠቀም ፔዳል ካለ ከእሱ ጀምሩ። አዲስ 9 ቮልት አልካላይን ባትሪ ሲለካ ወደ 9.5 ቮልት ያሳያል። የደከመ ባትሪ ግን ለብቻው ሲለካ ደህና መስሎ ፔዳሉ ሲበራ ይወርዳል፤ ስለዚህ ፔዳሉ እየሠራ ለኩ። ደግሞም በብዙ ፔዳሎች ላይ ባትሪውን የሚያበራው መርገጫው አይደለም። ኬብል ኢንፑት ላይ ከተሰካ ፔዳሉ ጠፍቶም ቢሆን ባትሪው ይበላል። ከልምምድ በኋላ ኬብሉን ንቀሉ።

የኃይል ሳጥን ወይም አዳፕተር የምትጠቀሙ ከሆነ ሦስት ነገር አመሳክሩ፦ ቮልቱን፣ የፖላሪቲውን ምልክትና ሚሊአምፒሩን። አብዛኞቹ ፔዳሎች የሚፈልጉት 9 ቮልት ዲሲ፣ መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነ ነው። ኤሲ የሚፈልጉም አሉ፤ ከላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትሰኩ። ሚሊአምፒሩ ላይ ሰው ይሳሳታል፦ አንድ ዲጂታል ዲሌይ 300 ሚሊአምፒር የሚፈልግ ሆኖ 100 ብቻ ከሚሰጥ መውጫ ላይ ከተሰካ ያለቅሳል፣ ይጠፋል፣ ይበራል ወይም ድምፁ ይዋዥቃል። በአንድ ሰንሰለት ኬብል ከአንድ አዳፕተር ለሁሉም ከምታከፋፍሉ፣ የፔዳሎቹን ፍላጎት ደምራችሁ አዳፕተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። አዳፕተሩ ከሚያስፈልገው በላይ ሚሊአምፒር መስጠት መቻሉ ጉዳት የለውም፤ ፔዳሉ የሚወስደው የሚፈልገውን ያህል ነው። ቮልት ሲበዛ ግን ያቃጥላል።

ገመድ አልባ ሲስተም ካላችሁም የማስተላለፊያውን ባትሪና የመቀበያውን የሲግናል መብራት ቀድማችሁ እዩ።

ጀርማኒየም ትራንዚስተር ያለበት ፈዝ ካላችሁ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፦ ሙቀት ይቀይረዋል። ቤት ውስጥ ያስተካከላችሁት ፈዝ በመድረክ መብራት ሥር ሲግል ባሕርዩ ይለወጣል። ይህ ብልሽት ስላልሆነ የሚጠገን ነገር የለውም፤ ከመብራቱ ራቅ አድርጉት።

ስትረግጡ የሚለወጥ ድምፅ

እዚህ ላይ የብዙ ሰው ቅሬታ አንድ ነው፦ "ቡስት ገዛሁ፣ ረገጥኩት፣ ድምፁ አልጨመረም፤ ጭቃ ብቻ ሆነ።" ቡስት ሲግናሉን የሚያሳድግ ፔዳል ነው፤ ፔዳሉም ደህና ነው። አምፑ ንጹሕ ድምፅ ላይ ከሆነ ቡስቱ የጨመረው ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል። አምፑ ወይም ከኋላ ያለው ዲስቶርሽን ቀድሞውኑ የተሞላ ከሆነ ግን የሲግናሉ አናት አስቀድሞ ተቆርጧል፤ ብትገፉበት የሚጨምረው መንሻፈፉ እንጂ ቁመቱ አይደለም። መፍትሔው ቦታ መቀየር ነው፦ ቡስቱን ከዲስቶርሽኑ ኋላ፣ ዲስቶርሽኑ የአምፑ ከሆነ ደግሞ በኢፌክት ሉፑ ውስጥ አድርጉት። ሉፕ ከሌለ ለሪዝም የጊታሩን ቮልዩም 7 አካባቢ አድርጋችሁ ለሶሎ መክፈት አለ። ግን እዚህም አምፑ በጣም ከተሞላ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ጌኑን (የአምፑን የመሙያ ማዞሪያ) ቀንሱና ቦታ ስጡት።

ሁለት ኦቨርድራይቭ አንድ ላይ ስታበሩም ሕጉ ያው ነው። የመጨረሻውን ከፍታ የሚወስነው በኋላ ያለው ፔዳል የሌቭል ማዞሪያ ነው። የፊተኛውን ሌቭል ብትከፍቱ የኋለኛውን የበለጠ ታሞሉታላችሁ እንጂ ብዙ አትጮኹም። ማስተካከል የምትፈልጉት ጥምረቱን ከሆነ እጃችሁ ወደ ኋለኛው ይሂድ።

ኮምፕረሰር ጠንካራውን ምት ይጫናል፣ ለስላሳውን ያነሣል። በለስላሳ ጣት እየሞከራችሁ ካስተካከላችሁት በኃይል ስትመቱ "ድምፄን በላው" ያሰኛችኋል። ሌቭሉን ስታስተካክሉ በዘፈኑ ውስጥ በምትመቱበት ጉልበት ምቱ። ኖይዝ ጌት (ሳትጫወቱ የሚሰማውን ጫጫታ የሚዘጋው ፔዳል) ደግሞ የመክፈቻው ገደብ ከፍ ተደርጎ ከተቀመጠ ለስላሳውን ኖታና የኮርዱን ጭራ ቆርጦ ይጥላል፤ ድምፅ ጠፋ የሚለው ጥርጣሬ ከእሱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ነው። ኮረስና ፌዘር በተለይ የቆዩት ሲበሩ ትንሽ ይቀንሳሉ። የሌቭል ማዞሪያ ከሌላቸው ከኋላቸው ትንሽ ቡስት ማድረግ ነው ያለው። ዲሌይና ሪቨርብ ላይ ሚክስ የሚለውን እዩ፦ በአንዳንዶቹ ላይ ኢኮው ሲጨምር ዋናው ድምፅ ይቀንሳል።

ከሁሉም የሚያታልለው ግን ኢኩዌላይዘር ነው። ብቻችሁን ስትጫወቱ መሃለኛውን ድምፅ ጎድጎድ አድርጎ ቤዙንና ቀጭኑን ማንሣት ጆሮ ይማርካል። ከባንድ ጋር ሲሆን ቤዙን ቤዝ ጊታሩ፣ ቀጭኑን ሲምባሉ ይወስዱታል፤ ጊታሩ የሚኖርበትን መሃል ግን እናንተው ባዶ አድርጋችሁታል። መለኪያው ቁጥሩ አልቀነሰም ይላል፣ ሰሚው ጊታር የለም ይላል። ቮልዩም ከመጨመር በፊት መሃለኛውን መልሱ።

መልቲኢፌክት የምትጠቀሙ ከሆነ ይህ ሁሉ በአንድ ሳጥን ውስጥ አለ ማለት ነው። በሄድፎን የተዘጋጁ ፓቾች (ተዘጋጅተው የተቀመጡ የድምፅ ቅንብሮች) በአምፕ ሲጫወቱ ከፍታቸው እንደተዛነፈ ታገኙታላችሁ፤ ንጹሑን ፓች መነሻ አድርጋችሁ ሌሎቹን በልምምድ ከፍታ በእሱ ልክ አስተካክሉ። የመውጫውን ዓይነት ምርጫም ተመልከቱ፦ ለአምፕ ፊት የተመረጠውና ለሚክሰር የተመረጠው አንድ አይደሉም። ድንገት ጭራሽ ድምፅ ከጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የእግር መጫኛውን ተጭናችሁ እዩ። አንዳንድ ፓች ላይ ቮልዩም ይሆናል፣ ሌላው ላይ ዋህ፤ ተረከዙ ወርዶ ከቆየ ዝምታ ነው። እስከ ጥግ ተጭኖም ሙሉ ድምፅ የማይሰጥ ከሆነ ካሊብሬሽኑን (የመጫኛውን ልኬት ማስተካከያ) ድገሙ።

ስቴሪዮ መውጫ ያለው ፔዳል ላይ በአንድ ኬብል ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ "ሞኖ" ተብሎ የተጻፈበት ላይ ሰኩ፤ በሌላኛው ላይ የድምፁን ግማሽ ብቻ ታገኙ ይሆናል። በሁለት አምፕ ስትጫወቱ ሁለቱም ሲበሩ ቤዙ ጠፍቶ ድምፁ ከቀጠነ ደግሞ አንዱ የሌላውን ሞገድ እየሰረዘው ነው። ሲግናሉን የሚገለብጥ ፔዳል በአንደኛው መስመር ላይ ብቻ ካለ፣ ሁለቱ መስመሮች ከመለያየታቸው በፊት ወዳለው ቦታ አምጡት።

ሁልጊዜ ደካማ የሆነ ድምፅ

ፓሲቭ ፒካፕ የሚያወጣው ሲግናል ስስ ነው፤ በቀላሉ ይጫናል። ረጅም ኬብልና ብዙ ትሩ ባይፓስ ፔዳል (ሲጠፋ ሲግናሉን እንዳለ የሚያሳልፍ) ሲደራረቡ ቀጭኑ ድምፅ እየተበላ ይሄዳል፤ ጆሮ ይህን "ድምፁ ቀነሰ" ብሎ ይሰማዋል። ከፊት አንድ ጥሩ በፈር (ሲግናሉ በቀላሉ እንዳይጫን የሚያጠነክረው ዕቃ) ይፈታዋል። ልዩነቱ ፈዝ ነው፦ ብዙዎቹ የቆዩ ፈዞች ጊታሩን በቀጥታ ማየት ይፈልጋሉ፤ በፈር ከፊታቸው ሲገባ ባሕርያቸው ይበላሻል። ፈዙን ከበፈሩ በፊት አድርጉት።

ፓሲቭ ቮልዩም ፔዳል ካላችሁ ሥሩን ገልብጣችሁ ቁጥሩን አንብቡ። 250 ኪሎ ኦም የሆነው ከጊታሩ ቀጥሎ ለሚቀመጥ ነው፤ 25 ኪሎ ኦም የሆነው ከበፈር ወይም ከሚበሩ ፔዳሎች ኋላ፣ ወይም ለአክቲቭ ፒካፕ። ዝቅተኛውን ከፓሲቭ ጊታር ቀጥሎ ካስቀመጣችሁት ሙሉ ተከፍቶም ድምፁንና ቀጭኑን ይበላል። የቱነር መውጫ ያለው ከሆነ ቱነሩን ነቅላችሁ ልዩነቱን ስሙ፤ አንዳንዱ በዚያ በኩል ሲግናሉን ይጫነዋል።

አምፑ ላይ ሲደርስ

ሁሉንም አጣርታችሁ አምፑ ብቻ ከቀረ፣ በቲዩብ አምፕ ላይ የሚሞከረው ትንሽ ነው። ፕሪአምፕ ቲዩቦቹ ከውጭ የሚደረሱ ከሆነ፣ አምፑ በርቶ ድምፁ ዝቅ ብሎ እያለ በእንጨት እርሳስ ጀርባ ቀስ ብላችሁ ነካ ነካ አድርጓቸው፤ አንዱ ሲነካ ድምፁ ከተቆራረጠ ወይም ከጮኸ እሱ ነው። በእጅ አትንኩ፣ ይፈጃሉ። ለመቀየር አጥፉና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ አንድ በአንድ እንጂ ሁሉንም አንድ ላይ አትቀይሩ። ስፒከሩ ሳይሰካ ቲዩብ አምፕ አታብሩ፤ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ሳጥኑን ፈትታችሁ ውስጡን አትንኩ፦ ካፓሲተሮቹ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊይዙ ይችላሉ፤ ያ ይገድላል።

ለጠጋኝ ስትሰጡት "ድምፁ ይቀንሳል" ብቻ አትበሉ። ጊታሩ በቀጥታ ተሰክቶም እንደሚያደርግ፣ ከበራ ስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚጀምር፣ ከሴንድ ወደ ሪተርን ኬብል ተደርጎ ለውጥ እንዳላመጣ፣ የትኛው ቲዩብ ተቀይሮ እንደተሞከረ በወረቀት ጽፋችሁ አምፑ ጀርባ ላይ ለጥፉት።